ያልተዘጋችው የሲስተር ቡዜ ደጋጋ በር

በዚህ በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግቢ የተሰበሰባችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶችና የእድር አባላት ሁሉ፣ እድራችን ትናንት በኮምፒውተር አስጽፎ ያመጣው አንድ ገጽ ዜና ሕይወት ነበረ፤ በውስጡም ሲስተር ቡዜ ደጋጋ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» እንዳረፉ ይናገራል። ሟች ግን ከማረፋቸው ቀደም ብለው ታናሽ ወንድማቸውን ኦልጅራን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ «ባደረባቸው ሕመም ብለህ እንዳታልፈኝ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ነርስ የነበረች ሴት በምን እንደሞተች ይነገርላት» ብለው አደራ ስለሰጡ፣ የእድሩ ወረቀት በኦልጅራ ኪስ ውስጥ ይቆያል፤ እርሱ የሚያነብላችሁም ዛሬ ጠዋት ራሱ የጻፈውን ይህን ነው። ለመስማት የሚከብደው ሰው ካለ የቅጽሩ በር ክፍት ነው።

ሲስተር ቡዜ ከአባታቸው ከአቶ ደጋጋ ቡታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንቄ ኤጄታ በ1954 ዓ.ም. በካዛንቺስ፣ ጣሊያን ለሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ጀርባ በሚገኝ ግቢ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ከሙገር መጥተው በአንድ ጋራዥ የተቀጠሩ ሰው ነበሩና፣ ከአገር ቤት ለክስ የመጣው፣ ለሕክምና የመጣው፣ ሥራ ፍለጋ የመጣውና እንዲያው ከተማ ለማየት የመጣው ዘመድ ሁሉ ሳያንኳኳ ይገባ፣ ሳይጠይቅም ያድር ነበር። ቡዜም ትምህርታቸውን የሚያጠኑት እንግዳ በማይገባበት ብቸኛ ስፍራ፣ በግቢው የማገዶ ክፍል ውስጥ፣ በሩን በድንጋይ አስደግፈው ነበር። በዚያ ቤት ካደጉት ልጆች መካከል ታላቃቸው አቶ ቡልቻ የእንግዳውን ብዛት እንደ ክብር ሲቆጥሩት፣ ቡዜ ግን ከውስጥ የሚቆለፍ በር እየተመኙ አደጉ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሠፈራቸው አጠናቀው፣ ወደ ነርስ ትምህርት ቤት ገብተው በ1975 ዓ.ም. ሲመረቁ ወደ ባሌ ተመድበው ሄዱ፤ በዚያም በጦርነትና በወረርሽኝ መካከል ወጣትነታቸውን ጨርሰው፣ መንግሥት ሲለወጥ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በ1984 ዓ.ም. በአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ቸሩ ገብረሃና ጋር ጋብቻ ፈጽመው፣ እዚያው በተወለዱበት የወላጆቻቸው ቤት መኖር ጀመሩ፤ በዓመቱም ልጃቸውን ሜቲን ወለዱ። አቶ ቸሩ ለሰው እምቢ ማለት ከቶ የማይሆንላቸው ሰው ስለሆኑ፣ በቤቱ ውስጥ የሚባለው እምቢታ ሁሉ በሲስተር ቡዜ ላይ ወደቀ፤ እርሳቸውም ያለ ቅሬታ ተሸከሙት።

እዚህ ላይ ቆሞ ሲስተር ቡዜ ለሁሉም ደግ፣ ለሁሉም ትሑት ነበሩ ብሎ መዋሸት አያስፈልግም። ኃይለኛ ነበሩ። የሚጠሏቸው ነበሩ፤ ከእነዚያም መካከል ዛሬ ጥቁር ለብሰው ከፊት የቆሙ አሉ።

ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የኩላሊት እጥበት ክፍል ሲከፈት ሲስተር ቡዜ ተቀጥረው ገቡ፤ በዚያም በመጀመሪያው ሳምንት የተጣሉት ከበሽተኛ ጋር ሳይሆን ከአስታማሚዎች ጋር ነው። ሁላችሁም እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ ሰው ሲታመም ምርመራው የሚነገረው ለታማሚው አይደለም፤ ዘመድ ተጠርቶ በኮሪደር ይንሾካሾካል፣ ይመክራል፣ ይወስናል፣ ከዚያም ፊቱን አብሶ ገብቶ «ምንም የለብህም፣ ትንሽ ብርድ ነው» ይላል። ሲስተር ቡዜ ይህን ልማድ እንደ ጠላት ቆጠሩት። ወንድምን፣ ሚስትን፣ አማችን፣ አንድ ጊዜም የታማሚውን የነፍስ አባት ሳይቀር ከክፍሉ አስወጥተው፣ በሽተኛውን ብቻውን አስቀምጠው፣ «ኩላሊትዎ ሥራ አቁሟል፤ መንገዱ ሁለት ነው፤ የሚመርጡት እርስዎ ነዎት» ብለው ይጀምሩ ነበር።

አንደኛው መንገድ በሽተኛው በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ክሊኒክ እየሄደ፣ ደሙ በክንዱ በኩል ወጥቶ በማሽን ታጥቦ የሚመለስበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ በጎ አድራጊ ማኅበር ለጥቂት ሰዎች ማቅረብ የጀመረው የሆድ እጥበት ሲሆን፣ በሆድ ላይ በተተከለች ቀጭን ቱቦ ንጹሕ ፈሳሽ ከከረጢት ገብቶ የሰውነትን ቆሻሻ ይዞ ይወጣል፤ ይህንም በሽተኛው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እጁ፣ በቀን አራት ጊዜ ያደርገዋል። ይህኛው ከመንገድ ድካምና ከማሽን ጥገኝነት ያድናል፤ ነገር ግን ቱቦዋ በምትከፈትበት ሰዓት እጅ መታጠብ፣ አፍና አፍንጫ መሸፈን፣ ክፍሉም መዘጋት አለበት፤ በዚያች ቱቦ ጥቂት ቆሻሻ ከገባ ሆድ ይመረቅዛል፣ ሰው ይሞታል። ሐኪሞቹ ስለ ደም ግፊቱና ስለ ልቡ ጠይቀው ሲጨርሱ፣ ሲስተር ቡዜ የሚጠይቁት ስለ ቤቱ ነበር፤ ስንት ሰው እንደሚያድርበት፣ ማን ሳያንኳኳ እንደሚገባ፣ አማት ብትመጣ በር ላይ ጠብቂ የሚላት ሰው እንዳለ አንድ በአንድ ይጠይቃሉ።

ዛሬ ከእኛ ጋር የተገኙት የካዛንቺሱ የጨርቅ ነጋዴ አቶ ሱሩር ይህን ይመሰክራሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አዚዛ «ሲስተር፣ የሆዱ ይሁንለት፣ ቤቱ ይቀመጥልን፣ እኔ አስታምመዋለሁ» ብለው ቢያለቅሱም፣ ሲስተር ቡዜ «አንቺ ውጪ ጠብቂ፤ ኩላሊቱ የሱ ነው» ብለው አስወጧቸው። ከዚያም አቶ ሱሩርን ቤታቸው የሚዘጋ በር እንዳለው ጠየቁ። አቶ ሱሩር ከልባቸው ስቀው፣ «ሲስተር፣ የኔ ቤት መቼ ተዘግቶ ያውቃል? ማለቴ፣ ሱቁም ቤቱም በቃ አንድ ነው፤ ለምሳ ብቻ ከአገር ቤት የመጣ ስንት ሰው አለ» ሲሉ፣ ሲስተር ቡዜም «እንግዲያው ማሽኑ ይሻልዎታል፤ እዚያ በሩን የምዘጋልዎ እኔ ነኝ» ብለው መለሱላቸው። አቶ ሱሩር አሰቡበትና ማሽኑን መረጡ፤ እነሆ በእግራቸው መጥተው ቆመዋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዋን የምትኖር አንዲት ወጣት ደግሞ የሆዱን መርጣ፣ ከረጢቷን በጠዋት ቀይራ ቢሮዋ ትገባ ነበር። ሲስተር ቡዜ አንዱን ሕክምና ከሌላው አላበለጡም፤ ሰው እንደ ቤቱ ይመርጣል የሚል አቋም ነበራቸው።

በ2006 ዓ.ም. የቆየው ደም ግፊታቸው የገዛ ኩላሊታቸውን ጨረሰ። ውጤቱን ከማንም በፊት ያነበቡት እርሳቸው ነበሩና ከእርሳቸው የሚደበቅ ነገር አልነበረም፤ ቤተሰብ ግን ተሰብስቦ መምከሩን አልተወም። አቶ ቡልቻ እንደ ታላቅነታቸውና እንደ እድራችን ሊቀመንበርነታቸው «ማሽኑ ነው የሚሻለው፤ ሰው በሆዱ ውሃ እየገለበጠ ይኖራል እንዴ?» ብለው ወሰኑ፤ ጉባኤውም ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ዓመት ለባቡሩ መንገድ ተቆፍሮ ከመስቀል አደባባይ እስከ ስታዲየም አቧራና ጭቃ ስለነበር፣ ታማሚን በታክሲ ማመላለስ ምን ማለት እንደሆነ ያሰበ ግን አልነበረም። ሲስተር ቡዜ ለሌሎች ያቀርቡት የነበረውን ጥያቄ ለራሳቸው አቀረቡ። ውሃ አለ፤ ንጹሕ ክፍል አለ፤ ሥራውን ያውቁታል፤ አስተዋይ ልጅ አለቻቸው። የኋለኛዋን ክፍል በዘይት ቀለም አስቀብተው፣ መጋረጃውን አስወርደው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ አዲስ በር አስገጠሙ፤ ከበሩም ውጪ ሳሙናና የውሃ ጆግ አኖሩ። «እኔ በር አለኝ» ብለው የሆዱን መረጡ። ሌላውን ሲያማክሩ ያልሳቱት ሴት የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በሩን አስገጠሙ እንጂ እኛን አልቆጠሩንም።

ሕክምናው ተስማማቸው። ፊታቸው ተመለሰ፣ እብጠታቸው ወረደ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ክሊኒክ እየሄዱ አዳዲስ በሽተኞችን ማማከር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ጠያቂ መጣ። ጠያቂው ለኩላሊት በሽተኛ ሐኪም እየቆጠረ ብቻ የሚፈቅደውን ሙዝና ብርቱካን በፌስታል ተሸክሞ፣ በፈለገው ሰዓት፣ ከነጫማው፣ ከነአቧራው፣ አንዳንዱም ከነጉንፋኑ መጣ። ሜቲ እናቷ ከረጢት በምትቀይርበት ግማሽ ሰዓት ሰው እንዳይገባ፣ በሌላውም ሰዓት የሚገባ ሰው እጁን እንዲታጠብ በትሕትና ትለምን ነበር። ለዚህ ልመናዋ ከዘመድ ያገኘችው ስም «ባለጌ» የሚል ነው።

አቶ ቡልቻ ከሙገር የመጡ ዘመዶች አስከትለው የመጡ ዕለት ሜቲ በሩ ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ እማዬ እየቀየረች ነው፤ ትንሽ ሳሎን አረፍ በሉ፣ እጃችሁንም እዚህ ታጠቡ» ብትላቸው፣ «እኔን ነው በር ላይ የምታቆሚኝ? እትብቴ በተቀበረበት ቤት ቆሻሻ ሆንኩ?» ብለው ሙዛቸውን መሬት ላይ ጥለው ወጡ። እንግዶቹም ተከትለዋቸው ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእድሩም፣ በማኅበሩም፣ በታክሲ ተራውም የተወራውን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጅቷ እናቷን አስራታለች ተባለ፣ በሽታው ሌላ ቢሆን ነው የሚደበቀው ተባለ፣ ከሰው ተለይቶ የሚኖር የሚደብቀው ቢኖረው ነው ተባለ። ይህን ሁሉ የተናገረ አፍ ዛሬ እግዚኦ ይላል።

ከገና በፊት ባለው እሑድ ሽማግሌ ተላከ። አቶ ቡልቻ ራሳቸው ተበዳይ ሆነው፣ ጎረቤታችን አቶ ገብረጻድቃንና ሌሎች ሁለት አዛውንት አስታራቂ ሆነው፣ ቀጠሮ ሳይዙ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ መጡ። ሲስተር ቡዜ በዚያች ሰዓት ከረጢቱ በምስማሩ ተሰቅሎ፣ ቱቦዋን ከፍተው ሊያገናኙ ነበር። ሜቲ «እባካችሁ፣ ትንሽ ብቻ» ብትል፣ አቶ ቸሩ ሽማግሌ ከደጅ ማቆም ነውር ሆኖባቸው፣ ባለቤታቸው ከውስጥ የቆለፉትን በር በመጠባበቂያው ቁልፍ ከፈቱት። አራቱም ገቡ። ሜቲ በእናቷ አልጋ ፊት የአጎቷን ጉልበት እንድትስም ተደረገ፤ ሳመች፤ በር ዘግታ እናቷን ስለጠበቀች ይቅርታ ጠየቀች። አቶ ቡልቻም በእውነት አልቅሰው ይቅር ብለው፣ እኅታቸውን አቅፈው አገላብጠው ሲስሙ ከከረጢቱ የምትወርደው ቱቦ ጫፍ ከሲስተር ቡዜ እጅ አመለጠችና ወለሉ ላይ ወደቀች። አቶ ቡልቻ ጎንበስ ብለው አነሷት፤ ከእጁ ዳቦ ለወደቀበት ሕፃን እንደሚደረገው እፍ እፍ ብለው፣ በመሐረባቸው ጠርገው፣ «እንቺ እኅቴ» ብለው በፍቅር አቀበሏቸው።

ሲስተር ቡዜ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ያን ጫፍ መጣል፣ ሁሉንም ማስወጣት፣ ክሊኒክ መደወል ነበረባቸው፤ ይህንኑ ለስንት በሽተኛ አስተምረዋል። ነገር ግን ያን ጊዜ አፋቸውን ቢከፍቱ ዕርቁ በዚያው ይፈርስ፣ ከመሬት የተነሣችው ልጃቸውም እንደገና ባለጌ ትባል ነበር። ሜቲ ገና እንባዋን እየጠረገች ነበር። የነፍስ አባት ከክፍል ያስወጡት ሴት በታላቅ ወንድማቸው ፊት ዝም አሉ፤ ዝም ብለውም ቱቦዋን አገናኙ። ሽማግሌዎቹ እስከ ምሽት ተቀምጠው ተጫወቱ፣ በሉ፣ መርቀውም ሄዱ። በማግሥቱም ዕርቁ እንዳይፈርስ፣ ሜቲም እንዳትሰጋ ብለው አልተናገሩም።

ወደ ሆዳቸው የገባው ንጹሕ ፈሳሽ በሁለተኛው ቀን ደፍርሶ ወጣ፤ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ተከተለ። ክሊኒኩ የሚችለውን መድኃኒት ሁሉ ሰጠ፤ ሲብስም ቱቦዋ ወጥታ፣ ስንቱን ሰው ያስተኙበት ማሽን አጠገብ እርሳቸው ተኙ። የልጃቸውን ስም እየጠሩ ጥር 14 ቀን 2007 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። የመሐረቡን ነገር ለኦልጅራ የነገሩት በዚያ በመጨረሻው ሳምንት ነው፤ ሲነግሩትም፣ «ቡልቻ በፍቅር ነው ያደረገው፤ አይወቅ፤ ከኔ ጋር ይቀበር። ሜቲን የነካ እንደሆነ ግን ተናገር» ብለው ነበር።

ትናንት በድንኳኑ ውስጥ ሜቲ ተነካች። እናቷን ቆልፋ ገደለቻት ተባለ፤ ሰው አላስጠይቅ ብላ በብቸኝነት ጨረሰቻት ተባለ፤ ይህ ሲባል አቶ ቡልቻ በሊቀመንበር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ አላስቆሙም፣ እንዲያውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሜቲ ሰምታለች። ስለዚህ አደራው የሚያዘው ይህ ሆነ፤ አቶ ቡልቻ፣ ይህን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሰሙ ነው፤ ኦልጅራም በሰው ፊት ሲያነበው ሊያሳፍርዎት ብሎ ነው። እኅታችን በፍቅር ነው ያደረገው ብለውልዎታል፤ ኦልጅራ ግን ከዚህ በላይ ማለት አይሆንለትም። ሲስተር ቡዜን የገደለቻቸው የተዘጋች በር ሳትሆን የተከፈተች በር ናት፤ ከእንግዲህ በካዛንቺስም ሆነ በቂርቆስ ይህን ገልብጦ የሚያወራ ሰው ካለ እያወቀ ይዋሻል።

ሲስተር ቡዜ ደጋጋ ከሁሉ አስቀድሞ ልጃቸውን ሜቲ ቸሩን፣ ያን ዕለት በሩን የከፈቱትን ባለቤታቸውን አቶ ቸሩ ገብረሃናን፣ ወንድሞቻቸውን ቡልቻና ኦልጅራ ደጋጋን፣ እንዲሁም ማሽኑንም ሆነ የሆዱን በገዛ አፋቸው መርጠው በሕይወት ያሉ በሽተኞቻቸውን ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ማንም ሳያንኳኳ በማይገባበት በእርሱ ማረፊያ ያሳርፍልን፤ ለሜቲም ይህን ሁሉ የምትችልበት ልብ ይስጣት።

አሁን አፈር ከለበሱ በኋላ ሁላችንም ወደ ካዛንቺስ፣ ወደ ቤታቸው እንመለሳለን። ከቀብር የተመለሰ ሰው እጁን ሳይታጠብ ወደ ሐዘን ቤት አይገባምና፣ በደጃፉ ላይ ሳሙናና የውሃ ጆግ ይቀርብላችኋል፤ አንዳችሁም ቆሻሻ ተባልኩ ሳትሉ፣ ሳትቆጡ፣ ተሰልፋችሁ ተራችሁን ጠብቃችሁ ትታጠባላችሁ። ጆጉ ሜቲ ለእናቷ ነፍስ ስትል ስትለምናችሁ በእጇ ይዛው የነበረው ያው ጆግ ነው።